ምስሉ መጥቶ ድምፁ ሲቀር

የአንባብያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት አቤቱታ ይዘዋል። ቪዲዮው ከአንድ ቅርጸት ወደ ሌላ ተለውጧል፣ ምስሉ ደህና ይታያል፣ ድምፁ ግን የለም። ጠያቂዎቹ በመጨረሻ የሚያነሡትም ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ነው፦ «የትኛው መለወጫ ፕሮግራም ይሻላል?» ለዚህ ጥያቄ አልቸኩልም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። በፋይሉ ውስጥ ያለው ድምፅ ምን ዓይነት እንደሆነ ሳያዩ ፕሮግራም መቀያየር ጊዜ ማባከን ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬ አቅርቤአለሁ፤ ተመሳሳዮቹንም አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ በኮምፒውተሬ ላይ በኤምኬቪ ቅርጸት የተቀመጡ ፊልሞች አሉኝ። በስልኬ ላያቸው ስለፈለግሁ ወደ ኤምፒ4 ለወጥኋቸው። ምስሉ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ድምፅ ግን ጭራሽ የለም። የሚገርመው፣ ያንኑ የተለወጠ ፋይል በኮምፒውተሬ ላይ ቪኤልሲ በተባለው ማጫወቻ ስከፍተው ድምፁ ይሰማል። ወንድሜ «የፋይሉን ስም መጨረሻ ብቻ ቀይሪው» ብሎኝ ያንንም ሞክሬአለሁ። ስልኬ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ስልክዎ ደህና ነው። ፋይሉም ደህና ነው። ሁለቱ አልተግባቡም እንጂ።

ኤምኬቪ፣ ኤምፒ4፣ ኤቪአይ፣ ኤምኦቪ የምንላቸው የምስልና የድምፅ ዓይነቶች አይደሉም፤ ምስልንና ድምፅን በአንድነት የሚይዙ ማቀፊያዎች ናቸው። ፖስታ ይበሏቸው። በውስጡ ያለው ደብዳቤ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ ከፖስታው አይታወቅም፤ ፖስታውን መቀየርም የደብዳቤውን ቋንቋ አይለውጠውም። የወንድምዎ ምክር ደግሞ ፖስታውን እንኳ አልቀየረም፤ በላዩ የተጻፈውን ሰርዞ ሌላ መጻፍ ብቻ ነው።

ድምፁ የተጻፈበት ቋንቋ ኮዴክ ይባላል። ስልኮች ሁሉ አሳምረው የሚያነቡት ኤኤሲንና ኤምፒ3ን ነው። በኤምኬቪ ፊልሞች ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ዶልቢ ዲጂታል እየተባለ የሚታወቀው ኤሲ-3 ወይም ተፎካካሪው ዲቲኤስ ነው። ሁለቱም በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በሲኒማ አዳራሾች ሥራ ጀምረው፣ በኋላ በዲቪዲና በብሉሬይ በኩል ወደ ቤት ገቡ። እነዚህን የሚያነብ መሣሪያ የሚያመርት ኩባንያ ለባለመብቶቹ የፈቃድ ክፍያ ሲከፍል ኖሯል፤ ብዙ የስልክና አንዳንድ የቴሌቪዥን አምራቾች ይህን ወጪ ላለማውጣት ኮዴኮቹን ትተዋቸዋል። ቪኤልሲ ማንበቢያዎቹን ሁሉ በራሱ ውስጥ ይዞ ስለሚመጣ፣ የመሣሪያው አምራች ምን እንደተወ አያስጨንቀውም። በኮምፒውተርዎ የሰሙት ድምፅ በስልኩ የጠፋው ለዚህ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው መፍትሔ ምንም አለመለወጥ ነው። ቪኤልሲ ለስልክም አለ፤ በነጻ ይጭኑትና የመጀመሪያውን የኤምኬቪ ፋይል እንዳለ ይክፈቱት። ብዙ ሰው ይህን ስነግረው ቅር ይለዋል፤ የለፋበት ነገር ከንቱ የሆነ ይመስለዋል መሰለኝ። እኔ ግን ሳይለወጥ የሚሠራን ፋይል የሚለውጥ ሰው አይገባኝም።

ፋይሉን ለሌላ ሰው የሚልኩት ከሆነ፣ ወይም ቪኤልሲ በማይጫንበት ቴሌቪዥን የሚያዩት ከሆነ፣ ያኔ መለወጥ ተገቢ ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ፍተሻ አለ። የተለወጠውን ፋይል በኮምፒውተሩ ቪኤልሲ እያጫወቱ የኮንትሮልን እና የጄን ቁልፎች አብረው ይጫኑ። ስለ ኮዴኮቹ የሚናገር መስኮት ይከፈታል። በመስኮቱ ውስጥ «ስትሪም 0»፣ «ስትሪም 1» እየተባለ በተርታ የተዘረዘረ ነገር ያገኛሉ። አንዱ ሥር ዓይነቱ ቪዲዮ፣ ሌላው ሥር ኦዲዮ ይላል፤ ከኦዲዮው ሥር የኮዴኩ ስም፣ የቻናሎቹ፣ ማለትም የተለያዩት የድምፅ መስመሮች ብዛት፣ በሰከንድ የተወሰደው ናሙና ተጽፏል። ለምሳሌ ዲቲኤስ፣ ስድስት ቻናል፣ 48000 ኸርዝ ሊል ይችላል። እንዲህ ካለ መለወጫው ድምፁን ሳይነካው እንዳለ አሻግሮታል ማለት ነው። የእርስዎ ጉዳይ ይኸው ነው። የኦዲዮ ስትሪም ጭራሽ ከሌለ ግን መለወጫው ድምፁን አልቀበልም ብሎ ጥሎታል፤ ያኔ የተለወጠውን ፋይል መነካካት ትርፍ የለውም፤ ወደ መጀመሪያው ፋይል ይመለሱ።

አሁን ወደ ሥራው። ሊለወጥ የሚገባው ድምፁ ብቻ ነው፤ ምስሉን አይንኩት። ምስሉን እንደገና መጭመቅ ኮምፒውተሩን ለሰዓታት ያስለፋል፣ ጥራቱንም ይቀንሳል፤ ድምፁን ብቻ መለወጥ ግን በደቂቃዎች ያልቃል። አቪዴመክስ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ለዚህ ይስማማል። ፋይሉን ከከፈቱ በኋላ በግራ በኩል ሦስት ምርጫዎች ይታያሉ፤ የቪዲዮውን «ኮፒ» ላይ ይተዉት፣ የኦዲዮውን ኤኤሲ ያድርጉ፣ የማቀፊያውን ኤምፒ4 ይምረጡ፣ ከዚያ ያስቀምጡ። የትእዛዝ መስኮት የማያስፈራቸው ይህንኑ በኤፍኤፍኤምፔግ በአንድ መስመር ይጨርሱታል፤ ለቪዲዮው ኮዴክ «ኮፒ»፣ ለኦዲዮው «ኤኤሲ» ብለው ያዛሉ።

ሃንድብሬክ የሚወዱ ሰዎች ብዙ እንደሆኑ አውቃለሁ። ጥሩ ፕሮግራም ነው፤ ነገር ግን ምስሉን ሁልጊዜ እንደገና ይጨምቃል፣ እንዳለ አያሻግርም። ምስሉንም ማሳነስ ከፈለጉ ይጠቀሙበት፤ በኦዲዮው ገጽ ላይ ግን «ፓስ ትሩ» የሚለው ተመርጦ እንዳልሆነ ያረጋግጡ። እሱ ማለት «ድምፁን አትንካው» ማለት ነው፤ የችግርዎ ምንጭም እሱው ሳይሆን አይቀርም። በቦታው ኤኤሲ ይግባ።

ጥራቱ ስንት ይሁን ለሚሉ፣ ለስቴሪዮ፣ ማለትም ግራና ቀኝ ብቻ ላለው ድምፅ፣ 192 ኪሎቢት በሰከንድ ከበቂ በላይ ነው። በዚህ መጠን የሁለት ሰዓት ፊልም ድምፅ 173 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። በብሉሬይ ፊልሞች የሚለመደው የ1509 ኪሎቢት ዲቲኤስ ለዚያው ሁለት ሰዓት 1.36 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። ስልክዎ ላይ ቦታም አተረፉ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ባለ ስድስት ቻናል ድምፅ ያለው ፊልም ወደ ስቴሪዮ ለወጥሁ። በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ሙዚቃው አለ፣ ዝናቡ አለ፣ የበሩ መንጓጓት አለ፤ ሰዎቹ ግን አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ እንጂ ንግግራቸው አይሰማም። ድምፅ ግማሹ ብቻ እንዴት ይጠፋል?

መልስ፦ መለወጫውን ከመክሰስዎ በፊት የጆሮ ማዳመጫዎን ሶኬት መጨረሻው ድረስ ይግፉት። የምቀልድ አይምሰልዎ። ሶኬቱ በከፊል ሲገባ ለሁለቱም ጆሮ የጋራ የሆነው መመለሻ ሽቦ (የመሬት መስመር) ሊለቅ ይችላል፤ ያኔ ወደ ጆሮዎ የሚደርሰው በግራና በቀኝ መካከል ያለው ልዩነት ብቻ ይሆናል። ንግግር በሁለቱም ጎን እኩል ስለሚቀመጥ ልዩነት የለውም፣ ስለዚህ ይጠፋል፤ በግራና በቀኝ የተለያየው ሙዚቃና ዝናቡ ይቀራል። የተጎዳ ገመድም ይህንኑ ያደርጋል። ሶኬቱን ነቅለው በመሣሪያው ድምፅ ማጉያ ሲያዳምጡ ንግግሩ ከተመለሰ ፋይሉ ነጻ ነው።

ካልተመለሰ ጥፋቱ የመለወጡ ነው። ስድስቱ ቻናሎች የፊት ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የመሐል፣ የጉርምርምታ፣ የኋላ ግራና የኋላ ቀኝ ናቸው። የፊልም ባለሙያዎች ንግግሩን በአብዛኛው የሚያስቀምጡት በመሐሉ ቻናል ላይ ነው፤ በሲኒማ አዳራሽ ከስክሪኑ መሐል እንዲወጣ። ግድየለሽ መለወጫ የፊት ግራንና የፊት ቀኝን ወስዶ ሌሎቹን ይጥላል። ፊልሙ ዲዳ የሚሆነው ያኔ ነው።

የሚያስፈልግዎ ቻናሎቹን መጣል ሳይሆን መቀላቀል ነው። በተለመደው አቀላለቅ የመሐሉ ድምፅ በሦስት ዴሲቤል ዝቅ ብሎ፣ ማለትም በ0.707 ተባዝቶ፣ በግራም በቀኝም ላይ ይጨመራል። ይህን እርስዎ አያሰሉትም፤ በሃንድብሬክ የኦዲዮ ገጽ ላይ «ሚክስዳውን» በሚለው ሥር «ስቴሪዮ»ን ሲመርጡ ፕሮግራሙ ይሠራዋል፤ ኤፍኤፍኤምፔግም የቻናል ብዛቱን ሁለት ሲሉት ይቀላቅላል። ከዚህም በኋላ ንግግሩ ከሙዚቃው ሥር ተውጦ ከተሰማዎ ያ የፊልሙ አቀራረጽ ነው፤ የቤት ተመልካች ሁሉ የሚያማርርበት ጉዳይ ስለሆነ ብቻዎን አይደሉም።

ጥያቄ፦ ከባድ እንቆቅልሽ ገጥሞኛል። አንድ ረጅም ንግግር በካሜራ ቀረጽሁ። ድምፁን ከአዳራሹ የድምፅ መቀላቀያ በገመድ ወደ ካሜራው ማይክሮፎን መሰኪያ አስገባሁ። በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ ድምፁ ትንሽ እንግዳ ቢሆንም ግልጽ ነው። ቦታ ለመቆጠብ ድምፁን ሞኖ (ባለ አንድ ቻናል) አድርጌ ወደ ኤምፒ4 ስለውጠው ግን ይጠፋል፤ ከሲሽታ በቀር ምንም የለም። ይባስ ብሎ፣ ያልተለወጠውን ፋይል እንኳ አንዳንድ ሰዎች በስልካቸው ሲከፍቱት «ድምፅ የለውም» ይሉኛል። ፍተሻውን አድርጌአለሁ፤ የኦዲዮ ስትሪም አለ፣ ኮዴኩም ኤኤሲ ነው።

መልስ፦ ከዚህ ወር ደብዳቤዎች የወደድሁት የእርስዎን ነው፤ መጠየቅ ያለበትን ሁሉ ራስዎ መልሰው ነው የላኩልኝ። ድምፅዎ ጠፍቶ አይደለም። ራሱን በራሱ እየሰረዘ ነው።

የአዳራሽ ድምፅ መቀላቀያዎች ድምፅን ወደ ሩቅ ሲልኩ በሁለት ሽቦ ይልካሉ። በአንዱ ሽቦ ድምፁ እንዳለ ይሄዳል፤ በሌላው ተገልብጦ። ተቀባዩ መሣሪያ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ይወስዳል፤ ገመዱ በመንገድ ላይ የለቀመው የኤሌክትሪክ ጉርምርምታ በሁለቱም ሽቦ ላይ እኩል ስለሆነ ይጠፋል፣ ድምፁ ግን እጥፍ ይሆናል። በጣም ብልኅ ዘዴ ነው፤ ተቀባዩ ዘዴውን የሚያውቅ ሲሆን። የካሜራዎ ትንሽ መሰኪያ ግን አያውቀውም። ሁለት ሽቦ ሲያገኝ አንዱን ግራ፣ ሌላውን ቀኝ ብሎ ይመዘግባል።

ስለዚህ በፋይልዎ ውስጥ ቀኙ የግራው ግልባጭ ነው። በጆሮ ማዳመጫ እያንዳንዱ ጆሮ አንዱን ብቻ ስለሚሰማ ንግግሩ ይደርስዎታል፤ «ትንሽ እንግዳ» ያሉት ስሜት፣ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ አለመለየቱ፣ ከዚሁ ግልባጭነት የመጣ ነው። አንድ ድምፅ ማጉያ ብቻ ያለው ስልክ ግን ግራና ቀኙን ይደምራል። በአንድ ቅጽበት ግራው 0.4 ላይ ሲሆን ቀኙ ከዜሮ በታች 0.4 ላይ ነው፤ ድምሩ ዜሮ። የሚቀጥለውም ቅጽበት ዜሮ፣ የንግግሩ ሁሉ ድምር ዜሮ። ሞኖ ሲያደርጉትም መለወጫው ያደረገው ይህንኑ መደመር ነው። የቀረው ሲሽታ በሁለቱ ቻናሎች ላይ በየራሱ የተፈጠረ ስለሆነ አልተሰረዘም።

በዓይንዎ ሊያዩት ይችላሉ። የቪዲዮውን ድምፅ ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ይክፈቱ፤ ኦዳሲቲ የቪዲዮ ፋይል እንዲያነብ የኤፍኤፍኤምፔግን ቤተ መጻሕፍት መጫን ያስፈልገዋል። ከሩቅ ሲታዩ ሁለቱ ትራኮች አንድ ዓይነት ይመስላሉ። አንድ ቃል የተነገረበትን ቦታ ይምረጡና ወደ ውስጥ ያቅርቡት፤ ሰከንዱ ተለጥጦ ጥቅጥቅ ያለው ጥልፍልፍ ወደ አንዲት ቀጭን መስመር እስኪፈታ ድረስ መላልሰው ያቅርቡት። አሁን የላይኛውን መስመር ከታችኛው ጋር ያስተያዩ። ላይኛው ሽቅብ በወጣበት ሁሉ ታችኛው በዚያው ልክ ቁልቁል ወርዷል። ይህን ካዩ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

መፍትሔው ደስ የሚል ነው፤ የጠፋ ነገር ስለሌለ። በትራኩ ስም አጠገብ ባለው ምናሌ ስቴሪዮውን ወደ ሁለት ሞኖ ትራኮች ይክፈሉት፣ አንዱን ይሰርዙ፣ የቀረውን በዋቭ ያውጡት። ከዚያ በቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም የድሮውን ድምፅ አውጥተው በዚህ ይተኩ። ርዝመቱ ስላልተነካ ከከንፈር ጋር ይገጥማል። ትጋቱ ካለዎት ደግሞ ከመሰረዝ ይልቅ አንዱን ትራክ ይምረጡና «ኢንቨርት» በሚለው ይገልብጡት፣ ሁለቱንም ይቀላቅሉ፤ ንግግሩ ሲደመር ሲሽታው በዚያ መጠን ስለማያድግ ድምፁ በጥቂቱ ይጠራል። ልዩነቱ ሦስት ዴሲቤል ያህል ነው፤ እኔ ብሆን ለአንድ ንግግር ያን ያህል አልደክምም።

ለወደፊቱ ከመቀላቀያው ሲወስዱ ጥንዱን መስመር ወደ ነጠላ የሚቀይር ትራንስፎርመር በመሐል ያስገቡ። ቀረጻው ከመጀመሩ በፊትም አጭር ሙከራ ቀርጸው፣ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ሳይሆን ባለ አንድ ማጉያ በሆነ ስልክም ያዳምጡት።

ጥያቄ፦ የኮምፒውተሬን ስክሪን በኦቢኤስ እየቀዳሁ ትምህርት አዘጋጃለሁ። የኮምፒውተሩን ድምፅ በአንደኛ ትራክ፣ የእኔን ድምፅ በሁለተኛ ትራክ እንዲይዝ አድርጌዋለሁ። ከኤምኬቪ ወደ ኤምፒ4 ስለውጥ የእኔ ድምፅ ብቻ ይጠፋል።

መልስ፦ ኤፍኤፍኤምፔግም ሆነ በእርሱ ላይ የተሠሩት ብዙ መለወጫዎች፣ ካልነገሯቸው በቀር፣ ከድምፅ ትራኮች አንዱን ብቻ ነው የሚወስዱት። ብዙ ቻናል ያለውን ያስቀድማሉ፤ እኩል ከሆኑ የመጀመሪያውን። የእርስዎ ሁለተኛ ትራክ የቀረው በዚህ ደንብ ነው። በኤፍኤፍኤምፔግ «ማፕ 0» የሚለውን ትእዛዝ ሲጨምሩ ከመጀመሪያው ፋይል ያለውን ሁሉ ይወስዳል።

ነገር ግን በዚህ አያበቃም። ሁለቱም ትራኮች ቢሻገሩም ማጫወቻዎች በአንድ ጊዜ የሚያሰሙት አንዱን ትራክ ነው፤ ተማሪዎችዎ የኮምፒውተሩን ድምፅ ብቻ ሰምተው «መምህሩ አይናገርም» ይላሉ። ሁለቱን መቀላቀል አለብዎ፤ በቪዲዮ ማቀናበሪያ አንዱን ከሌላው በላይ አስቀምጠው ወደ አንድ ስቴሪዮ ያውጧቸው፣ የራስዎንም ድምፅ ከፍ ያድርጉ። ከሚቀጥለው ቀረጻ ጀምሮ ግን በኦቢኤስ ውስጥ ሁለቱም ድምፆች በአንደኛው ትራክ ላይ ምልክት ይደረግባቸው፤ ማይክሮፎኑ ለብቻው በሁለተኛውም ይቀመጥ። አንደኛው ለተመልካች፣ ሁለተኛው ለእርማት ይሆናል።

ጥያቄ፦ የቆዩ የቪዲዮ ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር እያሻገርሁ ነው። ምስሉ ይገባል፣ ድምፁ አይገባም።

መልስ፦ ቢጫው መሰኪያ ምስል ብቻ ነው የሚሸከመው፤ ድምፁ በነጩና በቀዩ ነው የሚመጣው። ካሴት ማጫወቻው ሞኖ ከሆነ አንድ የድምፅ መውጫ ብቻ ይኖረዋል፤ ነጩን እዚያ ይሰኩ። ገመዱ ትክክል ከሆነ በመቅጃው ፕሮግራም ውስጥ የድምፅ ምንጭ ሆኖ የተመረጠው ማሻገሪያው መሣሪያ እንጂ የኮምፒውተሩ ማይክሮፎን አለመሆኑን ይዩ። በዊንዶውስ ላይ ሌላ ተንኮል አለ፤ በግላዊነት ቅንብሮች ውስጥ ፕሮግራሞች ማይክሮፎን እንዲጠቀሙ ካልተፈቀደ፣ ከማሻገሪያው የሚመጣውም ድምፅ አብሮ ይታገዳል። ሙሉ ካሴት ከማስገባትዎ በፊት ጥቂት ደቂቃ ቀድተው ያዳምጡ፤ ያረጀ ካሴት ደጋግሞ ማስኬድ ደግ አይደለም።

ጥያቄ፦ የራሴን ቪዲዮዎች ከዓመታት በፊት ከጫንሁበት ድረ ገጽ ላይ መልሼ ሳወርድ፣ ዝቅተኛው ጥራት ድምፅ አለው፤ ከፍተኛው ግን ዲዳ ነው። ከፍተኛው እንዴት ያንሳል?

መልስ፦ አላነሰም፤ ተነጥሏል። ቪዲዮ የሚያሠራጩ ትልልቅ ድረ ገጾች ከፍተኛ ጥራት ያላቸውን ምስሎች ከድምፁ ለይተው ያስቀምጣሉ፤ የተመልካቹ መስመር ሲደክም የምስሉን ጥራት ዝቅ እያደረጉ ድምፁን ሳይነኩ ለማስቀጠል ያመቻቸዋል። የሚያጣምራቸው ማጫወቻው ነው። እርስዎ ያወረዱት የምስሉን ፋይል ብቻ ስለሆነ ድምፁን ለብቻው ያውርዱት። ከዚያ ሁለቱን ኤምኬቪቱልኒክስ ወደሚባለው ነጻ ፕሮግራም ጎትተው ያስገቡና ያጣምሯቸው፤ ምንም የሚጨመቅ ነገር ስለሌለ ወዲያው ያልቃል። ድምፁ ኦፐስ በተባለው ኮዴክ ከሆነ በኤምኬቪ ማቀፊያ ይተዉት። ኦፐስን በኤምፒ4 ውስጥ አድርጎ መላክ ይቻላል፤ ነገር ግን ያን የማይረዱ መሣሪያዎች ስላሉ ከላይ ወደ መለስሁት የመጀመሪያው ጥያቄ ሊመልስዎ ይችላል።

ጥያቄ፦ በስልኬ የቀረጽሁት ቪዲዮ ከተለወጠ በኋላ ድምፁ መጀመሪያ ላይ ይገጥማል፤ ወደ መጨረሻው ግን ከከንፈር ይቀድማል። ድምፁ ባይጠፋም እንደጠፋ ቁጠሩት።

መልስ፦ አይቆጠርም፤ ይህ ይድናል። መጀመሪያ የልዩነቱን ዓይነት ይለዩ። ከመነሻ እስከ መድረሻ እኩል ከሆነ ቀላል ነው፤ በቪኤልሲ የጄ እና የኬ ቁልፎች ድምፁን በ50 ሚሊሰከንድ ወደፊትና ወደኋላ ይገፉታል፤ ስንት እንደሆነ ካወቁ በኋላ በማቀናበሪያ ያስተካክሉታል።

የእርስዎ ግን እያደገ የሚሄድ ነው። ስልኮች በሰከንድ የሚወስዱትን የምስል ብዛት እንደ ብርሃኑ ሁኔታ ያለዋውጣሉ፤ በደብዛዛ ቦታ ይቀንሳሉ፣ በብርሃን ይጨምራሉ። መለወጫው ይህን ሳያይ ሁሉንም እኩል አድርጎ ሲደረድራቸው የምስሉ ርዝመት ከድምፁ ርዝመት ይለያል። በሰከንድ 30 ምስል እና 29.97 ምስል መካከል ያለው ልዩነት እንኳ ኢምንት ይመስላል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ግን 3.6 ሰከንድ ይሞላል። ከመጀመሪያው ፋይል ይነሡና በሃንድብሬክ የምስል ፍጥነቱን «ኮንስታንት»፣ ቁጥሩን 30 አድርገው ይለውጡት። ፕሮግራሙ በጎደለበት ምስል ደግሞ፣ በበዛበት ቀንሶ ጊዜውን ይጠብቃል። ይህ ምስሉ እንደገና ቢጨመቅ ከማልቃወምባቸው ጥቂት ጉዳዮች አንዱ ነው።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ፋይሎች ለውጬ ጨርሻለሁ። የመጀመሪያዎቹን ልሰርዛቸው?

መልስ፦ የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል። እያንዳንዱን የተለወጠ ፋይል በሚታይበት መሣሪያ ላይ ከፍተው መጀመሪያውን፣ መሐሉንና መጨረሻውን ያዳምጡ። የቤተሰብ ቀረጻ ከሆነ ግን ሁሉም ደህና ቢሆን እንኳ የመጀመሪያውን አይሰርዙ፤ ዲስክ ይጨምሩ።

ጥያቄ፦ በኮንትሮልና በጄ መስኮቱን ከፈትሁ፤ ቪዲዮ ብቻ ነው የሚታየው። የመጀመሪያው የካሜራው ፋይልም እንዲሁ ነው። የጠፋውን ድምፅ ከምስሉ የሚያወጣ ፕሮግራም አለ?

መልስ፦ የለም። ካልተቀረጸ ፋይል ውስጥ ድምፅ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው፤ «እናወጣለን» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮግራም ካጋጠመዎም ይራቁት። ካሜራው ግን ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል። ጊዜን አሳጥሮ የሚቀርጸው ስልት፣ በአንዳንድ ካሜራዎችም ጊዜን የሚያዘገየው፣ ድምፅ አይመዘግብም፤ በዚያን ዕለት ካሜራው በየትኛው ስልት ላይ እንደነበረ ይዩ። ሌላ ሰው በዚያው ሰዓት በስልኩ ቀርጾ እንደሆነም ይጠይቁ፤ የእርሱን ድምፅ ከእርስዎ ምስል ጋር ማገጣጠም ይቻላል። ሁለቱም ላይ የሚታይና የሚሰማ አንድ ድንገተኛ ነገር፣ ለምሳሌ ጭብጨባ፣ ይፈልጉና በማቀናበሪያው ላይ መዳፎቹ የተገናኙበትን ምስል ከድምፅ ሞገዱ ሹል ጫፍ ጋር ያስተካክሉ።